የሉሊት ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

መምህር ቢተው የሉሊትን የመፈተኛ ቁጥር ስልካቸው ላይ አራት ጊዜ ጻፉት። አራቱንም ጊዜ የወጣው ውጤት ያው ነው፤ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ከስድስት መቶ። ማለፊያው ሦስት መቶ ነው።

«ኔትወርኩ ነው» አሉ።

ኔትወርክ ወይ ይመጣል ወይ ይጠፋል እንጂ የሰው ውጤት ሲቀንስ አይተን አናውቅም። ግን ሁላችንም አፋችንን ይዘን «አዎ፣ ኔትወርኩ ነው» አልን። ሌላ ምን ይባላል? ሉሊት አራጋው እኮ በአዳሪ ትምህርት ቤታችን አራት ዓመት ሙሉ አንደኛ ከመውጣት በቀር ሌላ ደረጃ የማታውቅ ልጅ ናት። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ነጋዴው ሳይቀር በስሟ ያውቃታል። ሐኪም እንደምትሆን ተጠራጥሮ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪም እሷ ነበረች። አንዱ ጎበዝ አምስቱን ይዞ ያስጠናል፤ አምስቱ እኛ ነን። እኔ ፈርሂያ የከላላ ልጅ ነኝ፤ በትምህርት የቡድኑ ጭራ፣ በምላስ ግን ማንም አይቀድመኝም። ፊዚክስ የሚባለውን ነገር አንዱን ጥያቄ ሰባት ጊዜ እየደጋገመች ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገባችልኝ ሉሊት ናት። ያን ቀን አምስታችንም አለፍን። እኔ ራሴ ሦስት መቶ አርባ አንድ አመጣሁ። ወላሂ፣ እኔ! መምህሯ ወድቃ እኔ አለፍኩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፈር አላወቅኩም።

ከአምስታችን አንዷ ንግሥቴ አቅፋት «አብሽሪ ሉሊትዬ፣ ስህተት ነው» ስትላት ሉሊት ስልኩን ተቀበለች፤ ቁጥሩን አየችው፤ በሁለት እጇ ለመምህር ቢተው መለሰችላቸው።

«ትክክል ነው» አለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መምህር ቢተው በዚያው ቀን ቅሬታ አስገቡላት። በአሥረኛው ቀን መልሱ መጣ፤ አንዲት መስመር ብቻ ናት። «ታይቷል፤ ለውጥ የለም።» ያኔ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ቀጥለው ግን ቢሯቸው ጠርተው ለመኗት። እኛ ስድስታችን ክረምቱን ለዘጠነኛ ክፍል ገቢዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንድንሰጥ ቀርተን ነበርና፣ «ዓመቱንም እዚሁ ሁኚ፤ አልጋሽ አልጋሽ ነው፤ ታናናሾችሽን እያስጠናሽ በግል ተፈታኝነት እንደገና ትቀመጫለሽ» አሏት።

«የማላውቀውን ምኑን አስጠናቸዋለሁ?» አለች ሉሊት። «አራት ዓመት ሙሉ የማውቅ መስሎኝ ነበር እንጂ አላውቅም። ለአባቴ መልእክት ልኬላቸዋለሁ፤ መጥተው ይወስዱኛል።»

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ይዛ ብትመጣ ሉሊት ደብተሩን አየችው፤ እስክሪብቶውን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ፈርሂያን ጠይቂያት፤ እሷ አልፋለች» አለቻት። እኔን! እሷው ያስተማረችኝን ጥያቄ! ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት። ልጅቱ ፈተና ብቻ አልወደቀችም፤ በራሷ ላይ ያላት እምነት አብሮ ወድቋል። ከዚህ ወጥታ ከሄደች ደብተር የምትነካ አልመሰለኝም።

አባቷ ጋሽ አራጋው ከአቀስታ በላይ ካለው ቀበሌያቸው ተነስተው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ረጅም ናቸው፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው አይወርድም። ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት፤ ስለ ውጤቱ አንድም ቃል አልጠየቋትም። «መኪናው በሰባት ሰዓት ይወጣል ተብሏል» ብቻ አሉ። ሳጥኗን ተሸክመው ወደ ግቢው ወጡ። ሉሊት የማደሪያችንን ኃላፊ እትዬ ዘሊካን ልትሰናበት ስትሄድ እኔ ፍራሿን ላስረክብላት ቀረሁ።

ፍራሹን ሳነሳው ከሥሩ አንድ መልስ መስጫ ወረቀት ተጣብቆ አገኘሁ። ለየራሳችን ወረቀት የደረሰን የሞዴል ፈተናችን ነው፤ የሉሊት። አናቱ ላይ በመምህር ቢተው ቀይ እስክሪብቶ «97» ይላል። ከሥሩ ግን ወረቀቱ ባዶ ነው። አንድም የጠቆረ ክብ የለም! ምን ዓይነት ነገር ነው ብዬ ወደ መስኮቱ ወስጄ አዘነበልኩት። ያኔ ታየኝ። እያንዳንዱ ትክክለኛ መልስ ላይ እርሳስ ዳሰስ አድርጎት ያለፈ፣ ጥላ የማያህል ምልክት አለ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየሳምንቱ የልምምድ ፈተና እንፈተናለን፤ የማባዣ ማሽኑ ቀለም ደግሞ ሁልጊዜ እንዳለቀ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቡድን የሚደርሰው አንድ መልስ መስጫ ወረቀት ነበር። ሉሊት ቀድማ ትሠራበታለች፤ ይታረማል፤ በላጲስ ይጠፋና ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አመድ ላይ የተንከባለለ ነው የሚመስለው። የኔ ምልክት ከዚያ ሁሉ ጥቀርሻ በላይ እንዲታይ እርሳሱ እስኪሰበር እጫን ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለን አንድ ቀን ቱግ አልኩ። «ሉሊት፣ ወረቀቱን አርሰሽው ነው እንዴ የምትሰጭን? ከኋላሽ ሰው አለ እኮ! ጎበዝ ስለሆንሽ ወረቀቱም የብቻሽ መሰለሽ?» አልኳት፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክቡን በእርሳስ ጫፍ ብቻ መንካት ለመደች። እኔ ደግሞ ወረቀቱ ስለነጣልኝ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

መምህር ቢተው በዓይናቸው ነው የሚያርሙት፤ የሰው ዓይን ስሱንም ያያል። ዋናውን ፈተና የሚያርመው ማሽን ነው፤ ደመቅ ያለውን ብቻ ይቆጥራል፣ ስሱን እንደ ባዶ ያልፈዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ቅሬታው ተዘግቷል፤ ውጤቱ አይመለስም። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? አልዋሽም፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል እዚያው ቆይቷል። በመስኮቱ ጋሽ አራጋው ሳጥኑን ወደ ትከሻቸው ሲያነሱ፣ ሉሊትም አንገቷን ደፍታ ስትከተላቸው አየሁ። ያረቢ! ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳልጫማ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ደረስኩባቸው። «ሉሊት፣ በዋናው ፈተና እንዴት ነበር ያጠቆርሽው?»

«ምኑን?»

«ክቡን! መልሱን! እንደዚህ ነበር?» ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

አየችው። «እንደ ሁልጊዜው ነዋ። ፈታኙ አድምቁ ብሎን ያደመቅኩ መስሎኝ...»

«ማሽኑ አላየሽም። እኔ ነኝ ሉሊት፤ ያን ቀን ስጮህብሽ እጅሽን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ስደቢኝ። ከፈለግሽ በጥፊ በይኝ፤ ወላሂ አልናገርም።»

ጋሽ አራጋው ሳጥኑን እንደተሸከሙ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን ያያሉ። ሉሊት አልሰደበችኝም። የሰማችኝም አልመሰለኝ። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንስታ ከቁጥር አንድ ጀምራ በጣቷ መውረድ ጀመረች። «ይኼ ልክ ነው» ትላለች። «ይኼም ልክ ነው። ይኼም።» ሃያኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁም።

የምትቆጣ ነበር የመሰለኝ። ዓመቷን ያቃጠልኩባት እኔ ነኛ!

«ምን አለችሽ ልጄ?» አሉ ጋሽ አራጋው ተደናግጠው። «ምን አድርጋሽ ነው?»

ሉሊት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

«አባዬ፣ አውቀው ነበር» አለች። «አልደነቆርኩም። ሁሉንም አውቀው ነበር!»

ጋሽ አራጋው ስለ ክብም ስለ ማሽንም የገባቸው ነገር ያለ አይመስለኝም። የልጃቸውን ፊት ግን ደህና አድርገው አዩት። ከዚያ ሳጥኑን ቀስ ብለው መሬት አወረዱት።

«እንግዲያ እኔ ብቻዬን ነዋ የምሄደው?» አሉ።

«አዎ፣ አባዬ» አለች ሉሊት።