የቢሻው ዋስ

«የእስቴና የስማዳ ልጆች» የተባለውን የቴሌግራም ግሩፕ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሰው ሲሳደብ ጽሑፉን አጠፋለሁ፤ ከባሰም አስወጣዋለሁ። የወጣ ሰው መመለስ ከፈለገ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ከተሰደበው ወገን መሆን አለበት። ተመላሹ ዳግመኛ ከተሳደበ ዋሱም አብሮት ይወጣል። ይህን የተዋስኩት ከሽማግሌዎቻችን ነው እንጂ ኮሌጅ አላስተማረኝም።

አንድ ክረምት፣ በስማዳዋ ከተማ በወገዳ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ዚነት «የቢሻው መኪና ጭቃ ውስጥ ቆማ ጨርቄ ራሰ» ብለው ጻፉ። ቢሻው ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ የሚመላለስ የእስቴ ሾፌር ነው። ፈጥኖ መለሰ፦

«የስማዳ ሰው መንገድ ሳይኖረው መኪና ያማርጣል! አንቺም ከነጨርቅሽ በአህያ ሂጂ፤ ጨዋታችሁ ይገጥማል።»

በእናቱ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። አስወጣሁት።

ተሳፋሪ የሚያገኘው ግን በግሩፑ ነበር። በማግሥቱ መኪናዋ መናኸሪያ ባዶዋን ቆማ ዋለች። ደወለልኝ።

«ጌዲዮን፣ ወንድሜ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ዋስ ጥራ።»

«ከስማዳ ማን ይዋሰኛል? ሁሉንም ሰድቤያለሁ እኮ!»

«አንድ ሰው እንኳ ማስቀረት ነበረብህ።»

ወገዳ ሄዶ ደጅ ጠና። አንዱ «አህያዬን ጠይቃት፣ እሷ እሺ ካለችህ እዋስሃለሁ» አለው። መጨረሻ እትዬ ዚነት ሱቅ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሴትዮዋ በድምፅ መልእክት ለሁላችንም ተናገሩ፦

«ለቢሻው ዋሱ እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ወድጄው አይደለም፤ በዚህ ጭቃ ደፍሮ የሚመጣ ሌላ ሾፌር የለም። ግን ጨርቄን የምሸጠው እዚሁ ግሩፕ ላይ ነው፤ ቢያስወጣኝ ወየውለት!»

መለስኩት። ሰው ደግሞ አፉ የታሰረ ሲያገኝ መች ይተዋል? የእስቴዋ አስተማሪ ትርሲት ጀመረች፦ «ቢሻው፣ መኪናህ ዛሬም ተገፍታ ነው የምትነሣ?»

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ካሣሁን ቀጠለ፦ «መግፋቱስ ደግ፤ ገፍተንም ሒሳብ እንከፍላለን እንጂ!»

ቢሻው እየጻፈ መሆኑ ስልኬ ላይ ታየ። ጠፋ። እንደገና ታየ። እትዬ ዚነት በመኻል «ያ አላህ» ብቻ አሉ። የዋስ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝና፣ እሳቸውን ማስወጣት ሊመጣብኝ ነው ብዬ እኔም ተጨነቅሁ።

ኋላ መጣ፦

«አዎ እኅቴ፣ ተገፍታ ነው የምትነሣ። ነገ በማለዳ ወደ ወገዳ ነን። ጉልበት ያላችሁ ቅድሚያ ትሳፈራላችሁ።»

እትዬ ዚነት ወዲያው መለሱ፦ «ከወገዳ ስትመለስ እኔ ከፊት ነኝ፤ ዋስ አይገፋም!»

በማግሥቱ መኪናዋ ሞልታ ስትነሣ አየኋት። ትርሲት ጫማዋን በእጇ ይዛ ከኋላ ትገፋ ነበር።