ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ

ሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ባለው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ሲነሳ የኮምፒዩተሩ ዲስክ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች መዝገብ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነና ወዴት እንደተላከ፣ ሁሉም እዚያ ዲስክ ላይ ነበር። ጸሐፊዋ ወለተሐና ግን አልደነገጠችም። በየዓርቡ መዝገቡን ወደ መጠባበቂያ ቴፕ ስትቀዳ የከረመችው ለዚህ ቀን አይደለም እንዴ? አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች።

ወረቀትማ የለም። ካድሬዎቹ ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ እግር እያሳደዱ ስለነበር፣ ዝርዝሩ እጃቸው እንዳይገባ የቢሮው ኃላፊ አቶ ዋቅቶላ የልጆቹ ቅጽ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ እንዲቃጠል አዘው ነበር። ማንም አልተቃወማቸውም።

ዲስኩ በተገጠመበት ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከአሬሮ መጡ። ዳዳቻ ይባላሉ። ሦስት ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በጭነት መኪና ተጉዘው ነው የደረሱት።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ? ናጋ?» አሉ፤ ልጄ፣ ደህና ነሽ፣ ሰላም ነው ማለታቸው ነው።

«ናጋ ነው አባባ። ይቀመጡ።»

«ልጅ ፈልጌ ነው የመጣሁ። ስሙ ጎዳና ጎሊቻ ዳዳቻ ነው፤ የልጅ ልጄ። ጎሊቻ የኔ ልጅ፤ ወታደር ወሰዱት፣ ሰሜን ቀረ። የጎዳና እናት ልጁን ይዛ ወደ ሞያሌ ድንበር ስትሸሽ መንገድ ላይ ሞተች። አንድ ሹፌር በጥር እዚህ አስገባሁት አለኝ። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ ሰው የለኝም።»

«በጥር ከገባ መዝገቡ ላይ አለ። ወዴት እንደተላከ አሁኑኑ እነግርዎታለሁ» አለች። በሕይወቷ እንዲህ እርግጠኛ ሆና ተናግራ አታውቅም።

ቴፑን አስገባች። የሐምሌ ልጆች ተመለሱ፣ የነሐሴም ተመለሱ። ከመስከረም ወዲህ ግን አንድም ልጅ የለም። ሌላ ቴፕ አስገባች፤ ባዶ። ሌላም ደገመች። ሽማግሌው እንዳያዩባት ስክሪኑን ወደ ራሷ አዞረችው።

ነገሩ የገባት ቴፖቹን ሁሉ ሞክራ ስትጨርስ ነው። የቅጂውን ትእዛዝ ያዘጋጀላት ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነበር። ከትእዛዙ ኋላ ጥቂት ፊደላት ይገባሉ፤ እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ሥራ አላት። አንዷ «ከመጨረሻው ሙሉ ቅጂ ወዲህ የተጻፈውን ብቻ ውሰድ» ትላለች፤ ቴፑ አጭር ስለሆነ። ሌላዋ ደግሞ «የወሰድከውን ሁሉ በስሙ ጥራ» ትላለች። ይህችኛዋን ወለተሐና ራሷ ከትእዛዙ ላይ ሰርዛታለች። ስክሪኑን በዝርዝር እየሞላች፣ ዓርብ ከሰዓት ሰው ቤቱ ሊገባ ሲል ታዘገያለቻ!

በእንቁጣጣሽ ማግስት ደግሞ ማሽኑ ዘመኑን 1990 ሲል አየችው። «ይኼስ የት አገር ነው ያለው?» ብላ ሳቀች፤ የልጆቹ ቅጽ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ስለነበር ሲያሰሉ መዋል ሰልችቷት ዘመኑን ወደ 1983 መለሰችው። እንዲያውም የሠራችው ሥራ ደስ ብሏት ለአቶ ዋቅቶላ ነግራቸው፣ እሳቸውም «ጎበዝ» ብለዋታል።

ሙሉው ቅጂ የተወሰደው ግን ማሽኑ 1990 እያለ በነሐሴ ነው። ከዚያ በኋላ የገቡት ልጆች 1983 ተብለው ሲጻፉ፣ ማሽኑ ከቅጂው ሰባት ዓመት ቀድመው የተጻፉ መሰለው። ስለዚህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ቴፑን ያዞራል፣ ምንም አይወስድም፣ «ጨርሻለሁ» ይላል። እሷም ቴፑ ላይ ቀኑን ጽፋ፣ ሳጥኑን ቆልፋ ትሄዳለች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች እንዲህ ሆነው ጠፉ።

አቶ ዋቅቶላ ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወረቀቱን ያስቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ ብቻሽን አትሸከሚው» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ደግነታቸው አንጀቷን በላው፤ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰችና ፊቷን ጠርጋ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች።

«አባባ፣ መዝገቡ ጠፍቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። የጥር ልጆች በሀገረ ማርያም መንገድ ወደ ሰሜን እንደሄዱ አውቃለሁ። ማን የት እንደወረደ ግን አላውቅም።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«እሺ፣ መዝገብ ይጥፋ። አንቺ ግን አይተሽዋል አይደል? መኪና ላይ ሲወጣ ያለቅስ ነበር?»

ወለተሐና አላየችውም። ልጆቹ ከጠረጴዛዋ ማዶ ሲቆሙ ዓይኗ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ስም ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ «ቀጣይ» ትላለች። አራት ቀን ለተጓዘ ሰው ይህ እንዴት ይነገራል? ሌላ የምትሰጣቸው ነገር አልነበራትም።

«አላለቀሰም አባባ። እየሳቀ ነው የሄደው።»

የሽማግሌው ፊት ጨለመ።

«እንግዲያ እሱ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «የኔ ጎዳና ጥጃ ሲሸጥ ያለቅሳል። ጎረቤት ሲሄድ ያለቅሳል። ሹፌሩ ያየው የሌላ ሰው ልጅ ነው።»

«አይ አባባ፣ ዋሸሁዎት! ልጁን አላየሁትም። ላጽናናዎት ብዬ ነው!»

«አንዴ ሳቀ፣ አንዴ አላየሁትም። እዚህ ልጄን የሚያውቅ የለም፣ ኢንተላ ኮ።» መዳፋቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። «ዋቃ ይባርክሽ። ልጁ ድንበር ጋ ቀርቶ ይሆናል። እዚያ እፈልጋለሁ።»

እስከ ገበያው ድረስ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ ተከተለቻቸው። «ወደ ሀገረ ማርያም ነው አባባ! በፈጠረዎት፣ ወደዚያ ይሂዱ!» እያለች ለመነቻቸው። ሰው ቆሞ ያያት ጀመር። እሳቸው ግን ወደ ሞያሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው፣ ከጨው ጆንያዎቹ መካከል ተቀምጠው፣ እንደ ልጃቸው በእጃቸው ተሰናበቷት።

መኪናው ወደ ደቡብ ወረደ። ልጁ ጎዳና በሕይወት ካለ፣ ያለው በሌላው መንገድ፣ በሀገረ ማርያም በኩል ነበር።