ጋሼ በጠራ ውሃ

ባልየው ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ከሚያሳድጋቸው ዓሣዎች ሁሉ ትልቁን «ጋሼ» ይለዋል። ብርቱካንማ፣ ሆዳም፣ ምግቡ ሲዘገይበት የገንዳውን መስታወት በአፉ የሚጎነትል ዓሣ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ድሮ ድሮ «እኔን አንድ ቀን እትዬ ብለኸኝ አታውቅ፣ ዓሣውን ጋሼ!» እያለች ታበሽቀው ነበር።

አሁን ባልየው ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እህቱ ታስታምመዋለች። ሚስትየው ሱቋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች፣ ጠዋት ጠዋት የጋሼን ፎቶ በስልክ ትልክለታለች። እህቱ ደውላ «እሱን ሳያይ እህል አይቀምስም። ከቀዶ ጥገናው በፊት ልቡን የሚሰብር ነገር እንዳይሰማ አደራ» ብላታለች።

ችግሩ፣ የሴትዮዋ እጅ ለመርፌ እንጂ ለካሜራ አልተፈጠረም።

«ይሄ ዓሣ ነው ጉም?» አላት ባልየው በስልክ።

«አልቆም አለኛ! እንደ ጌታው ቅብጥብጥ ነው።»

«አታባርሪው። የክፍሉን መብራት አጥፊ፣ የገንዳው ብቻ ይብራ። ፍላሽ የሚባል እንዳትነኪ። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግተሽ ራሱ እስኪመጣ ጠብቂ። ዓይኑ ጥርት ይበል እንጂ ሌላው ግድ የለም።»

እንዳላት አደረገች። ዓይኑ ጠራ፤ ግን አሁን ደግሞ ሌላው ሁሉ ታያት። ውሃው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይንሳፈፋል፣ ድንጋዮቹ ላይ ዝቃጭ ተጋግሯል። የተንጠለጠለ ክር ሳትለቅም ቀሚስ ለደንበኛ የማትሰጥ ሴት ይህን እንዴት ትቻል? እሁድ ዕለት ዓሣዎቹን በባልዲ አውጥታ፣ ውሃውን ደፍታ፣ ድንጋዮቹንም ማጣሪያውንም መስታወቱንም በሳሙና ፈትጋ አጥባ በአዲስ ውሃ ሞላችው። ባልየው ስለ ፎቶ ሁሉን ነግሯት ስለ ሳሙና አልነገራትም። ማንስ ያስበዋል?

ከዚያ መብራት አጥፍታ ጠበቀች። ጋሼ መጣ። ቅርፊቱ አንድ በአንድ ይታያል፣ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ወርቃማ ቀለበት ሳይቀር። የምትሆነውን አጣች፤ ደጋግማ አነሳችው።

ፎቶው እንደደረሰው ባልየው ደወለ። እየሳቀች አነሳችው። «አየኸው? አየኸው ጋሼን?»

«ጎበዝ» አላት ቀስ ብሎ። «እንዲህ ያለ ፎቶ እኔም አንስቼ አላውቅ።»

በማግስቱ ጋሼ በጎኑ ተንሳፍፎ ጠበቃት። ሌሎቹም ውለው ሳያድሩ ተከተሉት። የባሏን ነፍስ በገዛ እጇ ያጠፋች መሰላትና ገንዳው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ከእሁዱ ፎቶዎች አንዱን ላከችለት። ምን ታድርግ? በየማለዳው አንድ አንድ ላከች። እሱም በየማለዳው «ዛሬማ አምሮበታል» ይላታል። ስለ ሕመሙ ስትጠይቀው ደግሞ «ሐኪሙ ቀላል ነገር ነው ብሎኛል» ይላል፤ እሷም በዚህች ትጽናናለች።

ፎቶዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሱቋን ዘግታ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ የዓሣውን ሞት ስትነግራት እህቱ «አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለቻት። ግን አልጋው ላይ እንደዚያ ከስቶ ስታየው አንጀቷ አልቻለም።

«ጋሼን ገደልኩት» አለች።

«አውቃለሁ» አላት ባልየው።

«ማን ነገረህ?»

«ፎቶው። ድንጋዮቹ እንደዚያ ነጥተው ሳይ በሳሙና እንዳጠብሻቸው ገባኝ። ሳሙና ከነካው አይተርፍም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ቀን አምሮበታል የምትለኝ?»

«ልነግርሽ ነበር የደወልኩት። ስትስቂ ሰማሁሽ። ከታመምኩ ወዲህ ስቀሽ አታውቂም፤ በምን አንጀቴ ልንገርሽ?»

እጁን ይዛ አለቀሰች። አፈረች፣ ደግሞም ከላይዋ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት። ቀለል ማለቱ ግን አልቆየም። ይህ ሰው የዓሣውን ሞት እያወቀ፣ ድምፁ ሳይሰበር፣ በየማለዳው «አምሮበታል» ማለት ይችልበታል። እጁን ሳትለቅ ቀና አለች።

«ሐኪሙስ እውነቱን ምን አለህ?»

ባልየው ወደ እህቱ አየ። እህቱ አቀረቀረች።

«እስቲ ስልክሽን ስጪኝ» አላት ወደ ሚስቱ ዞሮ። «የእሁዱን ፎቶ ልየው።»