ሰሌን ያጣ ቀብር

አያቷ በፕላስቲክ ምንጣፍ ሊቀበሩ መሆኑን ስታይ ሞዛ ጥርሷን ነከሰች። በኡሉጉሩ ተራሮች ግርጌ ባለው በዚያ መንደር ሰው አፈር የሚለብሰው ምካዲ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል በተሠራ ሰሌን ተጠቅልሎ ነው። ምካዲው ግን አለቀ ማለት ይቻላል። አጎቷ ኮቤሎ ቆርጦ ጣለው፤ ያውም ጣት ለማያህል እንሽላሊት፤ ሰማያዊ ስለሆነ ብቻ፣ ባሕር ማዶ በመስታወት ሣጥን የሚያኖሩት ሰዎች ስላሉ ብቻ።

እንሽላሊቱ ከምካዲ ሌላ ቤት የለውም። ከቅጠሉ ጉያ ይደበቃል፣ እዚያው ይራባል። ኮቤሎ ግን መሰላል መደገፍ ታከተውና ዛፉን ሁሉ ከሥሩ ቆረጠ። ሰማያዊዎቹን ለቀመ፤ አረንጓዴዎቹን ጭቃ ላይ በተናቸው።

አሁን የቀሩት ምንጩ ዳር ያሉት ጥቂት ዛፎች ናቸው፤ እነሱንም ኮቤሎ ለእንሽላሊቶቹ ሲል ማንም እንዳይነካ ከልክሏል። እንሽላሊቶቹን የሚገዛው ሰው ነገ ይመጣል።

ሞዛ አፏን መክፈት አትችልም። የጎሳው መሬት በእናት ወንድም እጅ ነው፤ የእህት ልጅ ፊቱ ቆማ አትከራከርም። ስለዚህ ማለዳ ሄዳ ሁሉንም ለቹማ ነገረችው። ቹማ የጎሳው ምታኒ ነው፤ በለቅሷቸው ላይ ያሻውን ቢሳደብ የማይቆጡት፣ የጠየቀውን የማይከለክሉት የቀልድ ባላንጣ።

ሬሳው ከመውረዱ በፊት ቹማ ፕላስቲኩን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ተጋደመ።

«ኮቤሎ፣ ምንጣፍህ ይመቻል። ግን እናትህን ያልባቸዋል።»

ለቀስተኛው ሳቀ። ኮቤሎም በግድ ፈገግ አለ። «ውጣ፣ አንተ ሌባ።»

«አረንጓዴዎቹን ለምን ጣልካቸው?»

«ሌላ ዘር ናቸዋ። ማን ይገዛቸዋል?»

«ሚስቶቹ ናቸው፣ አንተ ደንቆሮ። ሰማያዊው ባልየው ነው። ዘሩን በእናቱ የሚቆጥር ሰውዬ፣ መሬት ከእናቱ የወረሰ ሰውዬ፣ እናቶቹን ጭቃ ላይ ጥሎ አባወራውን ሸጠ። ጎበዝ።»

አሁን የሳቀ የለም።

ኮቤሎ ፊቱ ጠቆረ። ምታኒን መቆጣት ግን ነውር ነው። «ምን ልስጥህና ትወጣለህ?»

«ምንጩ ዳር ያሉትን ዛፎች። ሰው ሁሉ እየሰማ የኔ ናቸው በል።»

«ገዢውንስ ምን ልበለው?»

«ሰማያዊ ቀለም ቀብተህ እኔን ሽጥለት።»

ኮቤሎ ሕዝቡን ዞር ብሎ አየ። የሚያግዘው ፊት አጣ። «ያንተ ናቸው» አለ።

ቹማ ወጣ። ሰሌን ለመሥራት ግን ጊዜው አልፎ ነበርና አሮጊቷ በዚያው ፕላስቲክ ወረዱ።

አፈሩ ሲመለስ ኮቤሎ ወደ ሞዛ ጠጋ አለ። «አንቺ ነሽ የነገርሽው።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።» ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። «የእርስዎንስ ሰሌን ከየትኛው ዛፍ እንድሠራው አስበው ነበር፣ አጎቴ?»