ከበሩ ውጪ የቀረ ምሳ

በሕጻናት ተላላፊ በሽታ ክፍል ያለው ሠራተኛ ሁሉ ነርሷን «ሰዓቷ» ይላታል። የግድግዳው ሰዓት እንኳ እሷን አይቶ ነው የሚሞላው እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷ ግን ቀልዱን እንደ ሹመት ነው የተቀበለችው። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ አንድ መርፌ አሳልፋ አታውቅም። ሌላ ነርስ አምስት ደቂቃ ስታረፍድ እሷ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ አሥር ሲሞላ አፏን ትከፍታለች፤ ያ አፍ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የሚዘጋው የለም።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለችው የሰባት ዓመት ልጅ ሁለት በሽታ ተደርቦባታል። ስኳሩ አብሯት የከረመ ነው፤ ኩፍኙ በዚህ ሳምንት መጣባት። ኩፍኙ ወደ ሌሎች እንዳይዛመት ብቻዋን ተለይታ ተኝታለች፤ ለስኳሩ ደግሞ ምግብ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ተወግታ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል። ልጅቷ በገባችበት ቀን ሰዓቷ ጣቷን ወደ በሩ ቀስራ፣

«ከዚህ አንድ እርምጃ ብትወጪ ጉድ ነው የሚፈላው! ስንቱን ሕጻን ታስይዢያለሽ፣ ሰማሽ?» አለቻት።

ልጅቷ ሰማች። እንደሷ የሚሰማ ልጅ ደግሞ የለም።

ያን ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰዓቷ ጋዋኗን ለብሳ ገባች፣ ስኳሯን ለካች፣ ወጋቻት።

«አመመሽ?»

«አንቺ ስትወጊኝ አያመኝም» አለች ልጅቷ፣ ሸሚዟን እየጎተተች።

ምግብ አመላላሿ እዚህ ክፍል አትገባም፤ ትሪውን ከበሩ ውጪ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጋሪዋን ትገፋለች። የወጋችው ነርስ ጋዋኗን ሳታወልቅ ጠብቃ ትሪውን ታስገባለች። ሥራው የሚሠራው እንዲህ ነው። ያን ቀን ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ጋሪው የለም፤ ማዶ ባለው ክፍል ደግሞ የሌላ ልጅ መድኃኒት ሰዓቱ ደርሷል። ሰዓቷ እንዴት ታርፍድ! «ሰጥቼው እመለሳለሁ» ብላ ጋዋኗን አውልቃ ጣለች፣ እጇን ታጠበች፣ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የልጁ ደም ሥር አልገኝ አለ። ከዚያም አዲስ በሽተኛ ገባ። ምሳው ከአእምሮዋ ወጣ።

ትሪው መጣ፤ ተቀመጠ። ልጅቷ በመስታወቱ ታየዋለች። በሩ አልተቆለፈም።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ዕቃ ልትሰበስብ የተመለሰችው ምግብ አመላላሽ ክዳኑን ከፍታ ምሳው እንዳልተነካ አየች፤ ቀጥሎም በመስታወቱ ወደ ውስጥ።

«ሰዓቷ! ኧረ ሰዓቷ! ልጅቷ ወድቃለች!»

ሰዓቷ ጋዋን የለ፣ ጓንት የለ፣ እንዳለች ገባች። ልጅቷ በሩ ሥር ተዘርራለች፤ ላብ አጥምቋታል፣ ብትጠራት አትሰማም። ስኳሯ ከመውረዱ የተነሳ መለኪያው ቁጥር እንኳ ማውጣት አቃተው። ሰዓቷ ግሉኮሱን በደም ሥሯ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች።

«ሲስተር፣ ጋዋን አልለበስሽም እኮ» አለቻት።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሴትዮ፣ ሪፖርቱን ራሳቸው ጽፈው አቀረቡላት። «ልጅቷ ምግብ እምቢ በማለቷ ራሷን ሳተች» ይላል።

«እምቢ አላለችም። አልቀረበላትም» አለች ሰዓቷ።

«በላች?»

«አልበላችም።»

«በቃ፣ አልበላችም። የኔ ልጅ፣ ልጅቷ እንደሁ ተርፋለች። ወረቀት ማንን ይጎዳል? ፈርሚና ወደ ሥራሽ።»

ያቺ ምላሰኛ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ፈረመች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትየው እንደ ልማዷ መጥታ በመስታወቱ ፊት ቆመች። ኃላፊዋ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ነገሯት። እናትየው መስታወቱን በጣቷ እየደበደበች፣

«ለምንድን ነው የማትበይው? ልትገድዪኝ ነው? ላሳክምሽ የመንደሩን ሁሉ ደጅ ጠንቼ፣ አንቺ ምግብ ትመርጫለሽ!» እያለች ወረደችባት።

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ከእናቷ ጎን የቆመችውን ሰዓቷን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ከእንግዲህ እበላለሁ፣ እማዬ።»

በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ሪፖርቱን አንብቦ ብዙ አላሰበም። «እምቢ የምትል ከሆነማ እንደገና ልትወድቅብን ነው። በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብተን እንመግባታለን» አለ። እናትየው እንድትፈርም ተጠርታ፣ ጋዋን ለብሳ ገባች። ሰዓቷ የልጅቷን ጭንቅላት እንድትይዝ ታዘዘች።

ያዘች። ልጅቷ አልተወራጨችም፤ ጥፋተኛ ነኝ ብላለችና። ዓይኗን ጨፍና፣ «አሁን እበላለሁ ብዬ ነበር» ብቻ አለች፣ በሹክሹክታ።

ሰዓቷ እጇን ከልጅቷ ጭንቅላት ላይ አነሳች።

«ዶክተር፣ ይቁም። እምቢ አላለችም። ወግቻት ሄድኩ፤ ምሳዋ ውጪ ቀረ። ረስቻት ነው።»

ዶክተሩ ቱቦውን ሳህኑ ላይ ጣለው፤ ኃላፊዋን ለመጥራት ወጣ። እናትየው ግን አልጮኸችም። ብትጮኽባት ለሰዓቷ ይሻላት ነበር።

«ትናንት አጠገቤ ቆመሽ ነበር» አለች። «ስሰድባት እየሰማሽ።»

«ነበርኩ።»

«እኔ ኩፍኝ በልጅነቴ ወጥቶልኛል። ከዚህ ክፍል የሚያስወጣኝ ካለ ይሞክረኝ።» እጇን ዘረጋች። «መርፌውን ስጪኝ። አሳዪኝና ውጪልኝ።»

ሰዓቷ አሳየቻት። አየር እንዴት እንደሚወጣ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚያዝ፣ ምግቡ እጅ ሳይገባ መርፌ እንደማይነካ። ይህን የመጨረሻውን ስትናገር እናትየው ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«እማዬ፣ ሲስተር ትውጋኝ» አለች ልጅቷ። «እሷ አታሳምምም።»

«ዝም በይ።»

ሰዓቷ ወጥታ መስታወቱ ጋ ቆመች። ቁርሱ ገብቶ እናትየው ወጋቻት፤ መርፌው ገደድ ብሎ ገባ፤ ልጅቷ ጮኸች። ሰዓቷ «ቀጥ አድርጊው!» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ኃላፊዋ ከኮሪደሩ ጫፍ ስሟን ይጠራሉ፤ ቅጽል ስሟን አይደለም፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ።