አሥረኛው ድንጋይ

አያሌው ሚሊሻው ጁምዓ ጠዋት ደጃችን ሲቆም በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በሌላው ነጭ ድንጋይ ይዟል። ጠመንጃውን ለምጀዋለሁ። ያስደነገጠኝ ድንጋዩ ነው፤ ከየት እንዳነሳው አውቄዋለሁ።

“አባ ኑርዬ የታሉ?”

“ምን ሊያደርጉልህ?”

“ዘይቱና፣ ዛሬስ አፍሽን ሰብሰብ አርጊው። ጓድ ፈንታሁን ቀበሌ ይፈልጋቸዋል።”

አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። “አብሽሪ” አሉኝና ግራ እግራቸውን እየጎተቱ መንገድ ጀመሩ። እኔም ተከተልኩ። ማንም ነይ አላለኝም፣ ማንም አልመለሰኝም።

አባቴ ባለፈው ሐምሌ ውዱእ ሊያደርጉ ጎንበስ እንዳሉ ወድቀው ግራ ጎናቸው ሰነፈ። ክሊኒክ ብንወስዳቸው ደም ብዛት ነው ተባለ። ድሬሰሯ እናትነሽ፣ “ጨው ይተዉ። በየቀኑ ይሂዱ፣ ግን ትናንት ከደረሱበት ብዙ አይለፉ። ትንፋሽዎ ሲያጥር ይቁሙ” አለቻቸው። ጨው የሌለው የቆሮሶ ዓሣ ወጥ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ፣ “ዓሣው ገና ከሐይቁ አልወጣም እንዴ?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በኋላ በሎሚ ለመዱት።

መሄዱ ነው ጉድ ያመጣው። በኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ገበያ፣ እርሻ፣ ለቅሶ፣ ወይ ደግሞ ግሸን። አባቴ ግን በየማለዳው በውጫሌ መንገድ ዳር ዳሩን ሄደው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። “ምን ጠፍቶባቸው ነው?” ይለኛል ሰዉ። ከሐይቁ ዳር ነጫጭ ድንጋይ አስለቀሙኝ። በየጁምዓው፣ ሳያለከልኩ የደረሱበት ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ ያኖራሉ። በዘጠኝ ጁምዓ ዘጠኝ ድንጋይ። ዘጠነኛው ትልቁ ሾላ ሥር ነው።

እኔ ግን አካሄዳቸው አንገበገበኝ። በዚህ ዓይነት ቂያማ ይቀድመናል አልኩ። ማክሰኞ ዕለት ወደ ውጫሌ ስሄድ አንድ ነጭ ድንጋይ ይዤ፣ ከሾላው አልፌ፣ የሾላውን መንገድ ያህል ደግሜ ሄጄ ድልድዩ እግር ሥር አስቀመጥኩ። ሲያዩት ይበረታሉ ብዬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ሰሞን የወታደር መኪና በድልድዩ ላይ ሲመላለስ ይውል እንደነበር አሳቤም ውስጥ አልገባ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ፈንታሁን ድንጋዩን ከአያሌው ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“አባ ኑርዬ፣ ዘጠኙን አይተናል። ይሄ አሥረኛው ድልድይ ሥር ምን ይሠራል? ለየትኛው ወንበዴ ነው ምልክቱ?”

“የኔ ዘጠኝ ነው” አሉ አባቴ። “ይሄን አላውቀውም።”

“እኔ ነኝ ያኖርኩት!” አልኩ።

ፈንታሁን ሳቀ። “ልጅ አይደለሽ? ምን ልትይ ኖሯል? ደሴ ይጣራ። ከቀትር በኋላ መኪና አለ።”

ደሴ ሄዶ የተመለሰ ሰው ከኛ መንደር አልነበረም። እዚያ ጨው አልባ ወጥ ማን ይሠራላቸዋል? ማንስ ያስኬዳቸዋል? ሬሳቸውን ነው የምቀበለው።

“እዚህ ተቀምጠህ አትፍረድ!” አልኩት። “እስቲ አብረሃቸው ሂድ። ድልድዩ መድረስ ከቻሉ እኔንም ጨምረህ ጫነን።”

አያሌው ዓይኑን ጨፈነ። ፈንታሁን ተነስቶ ኮፍያውን አደረገ። “ጥሩ። ሁለታችሁንም።”

ወጣን። አባቴ ከፊት፣ አያሌው ከጎናቸው፣ እኔና ፈንታሁን ከኋላ። ያ ሁሉ ቀን ትንሽ እንዲገፉ ስመኝ የኖርኩት፣ አሁን እንዳይደርሱ ዱዓ ያዝኩ። አንደኛው ድንጋይ፣ ሁለተኛው፣ አምስተኛው። ሰው ከየደጁ ያያል። ስምንተኛው ጋ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ወረደ። ሾላው ጋ ደርሰው ከዘራቸውን ተከሉና ቆሙ።

“የኔ እስከዚህ ነው።”

“ቀጥል!” አለ ፈንታሁን። አንቱታው ቀረ።

“ድሬሰሯ አትለፍ ብላኛለች።”

“የማዝህ እኔ ነኝ!”

“እኔን እዘዘኝ። ደሜን ግን አታዘውም” ብለው የሾላው ሥር ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

ፈንታሁን ወደኔ ዞረ። “መቀመጥማ ማን ያቅተዋል? ማስመሰል ነው። አያሌው፣ አንሳው!”

አያሌው ብብታቸው ሥር እጁን ሲያስገባ አንገቴን ደፋሁ፤ ማየት አቃተኝ። ያኔ ነው አፈሩን ያየሁት።

“አያሌው፣ ተዋቸው! መሬቱን እይ!”

የጥር አቧራ ነው፣ ዱቄት። የአባቴ ግራ እግር በየማለዳው ሲሄድ ሲመለስ የጎተተው መስመር፣ ከከተማው ጫፍ ጀምሮ በመንገዱ ዳር እንደ ትንሽ ቦይ ተቆፍሯል። ሾላው ሥር ይደርሳል። ሾላው ሥር ያልቃል። ከዚያ ወዲያ የፍየል ኮቴ ብቻ ነው።

አያሌው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። “ጓድ፣ እውነቷን ነው። ከዚህ አላለፉም። ድልድዩ ሥርም እንዲህ ያለ መስመር አላየሁም።”

ፈንታሁን ብቻውን እስከ ድልድዩ ሄደ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። እስኪመለስ የአባቴን እጅ ይዤ ነበር።

ተመልሶ፣ “ደሴው ቀርቷል። ድንጋይ የሚባል ነገር ሁለተኛ አላይም” አለ። “ከሾላው ማለፍ ክልክል ነው። ሲሄዱም አንቺ አብረሽ። አያሌው ያያችኋል።” ዘጠነኛውን ድንጋይ በጫማው ገፍቶ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ከተተው፤ የቀሩትን አያሌው ለቀመ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ አራት ጊዜ አረፉ። በሦስተኛው፣ “ምነው ልጄ፣ ድልድይ?” አሉኝ።

“እንዳይሰለቹ ብዬ።”

“እኔ መች ሰለቸሁ? የሰለቸሽውስ አንቺ ነሽ።”

ከዘራቸውን አንስቼ አቀበልኳቸው።

ቅዳሜ ማለዳ ከዘራቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ። “ከሾላው አትለፉ ተብለናልኮ” ብላቸው፣ “ጉልበቴ ሲጠነክርልኝ ሁለቴ እመላለሳለሁ፣ ኢንሻአላህ” አሉ። ዛሬ ግን ስምንተኛው ድንጋይ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ አረፍ አሉ። ትናንት በዝቶባቸዋል።

ትንሽ ቀረዎት ልል አፌን ከፈትኩ። አያሌው ከማዶ ያየናል። አፌን ዘጋሁና፣ እሳቸው ተነሺ እስኪሉ ድረስ አጠገባቸው አፈር ላይ ተቀመጥኩ።