ቀድሞ የወረደ ከበሮ

"ትንፋሽህን ሳብ!" ብላ ነበር፤ አፏ ውስጥ መርፌ ደርድራ ስለያዘች ግን የወጣው "ም… ሳብ" ብቻ ነው። ባሏ ሳበ። ሱሪው አልተዘጋም።

ጥቁር የቆዳ ሱሪ ነው። ከበሮ የሚመታበት የሙዚቃ ባንድ የመጀመሪያ ካሴቱን ባወጣበት ዓመት ያሰፋው፣ ከዚያ ወዲህ ሳጥን ውስጥ የኖረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን፣ ሲበላና ሲተኛ የከረመ ሰው ያው ሱሪ ይገባኛል ብሎ ሲያምን ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ዛሬ አልሳቀችም። ትናንት ሌሊት ከኮንሰርት ዙሩ የመጀመሪያ ከተማ ከተመለሰ ጀምሮ ሰውዬው በወጉ እህል አልቀመሰም።

"ጎንና ጎኑን ተርትሬ ጨርቅ ላስገባበት" አለች መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ። "ከበሮ ጀርባ ተቀምጠህ ማን ያይሃል?"

"አንቺ ታዪኛለሽ።"

"እኔ ምን ቤት ነኝ?"

"ዛሬ ትመጫለሽ" አለ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ። "ከመድረኩ ጎን ትቆሚልኛለሽ። ያንን ፊትሽን ይዘሽ።"

"የትኛውን ፊት?"

"ያንን ነዋ።"

የትኛውን እንደሆነ መቼ አጣችው። በዚህ ቤት ስለዚያ ፊት ያልተወራበት ዓመት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሴቱ ላይ አራተኛው ዘፈን መሃል ሲደርስ ጊታሩም ምኑም ዝም ይላል። ዘፋኙ ብቻውን አንዲት መስመር ለስለስ አድርጎ ይላታል፤ ከበሮ መቺው በልቡ እስከ ስምንት ቆጥሮ ይገባል። የተስማሙት እንደዚያ ነበር። በተቀረጸበት ቀን ግን ከበሮ መቺው የቤቱን ቁልፍ ኪሱ ከቶ፣ ሙሽራ ሚስቱን ደጅ አስቀርቶ ነው ስቱዲዮ የሄደው። እሷ ደጇ ላይ ቆማ ዝናብ ወረደባት። ቆይታ ቆይታ ሲመርራት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ሄደች፤ የስቱዲዮውን በር በርግዳ ገባች። እሱ ከመስታወቱ ማዶ ፊቷን ሲያይ ቁጥሩ ጠፋው፤ እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ዱብ አለ። ዘፋኙ የመስመሯን ጭራ ውጦ ከኋላው ሮጦ ደረሰበት። የተከራዩት ሰዓት አልቆ ስለነበር ድጋሚ መቅረጽ አልተቻለም፤ ስህተቱ እንዳለ ወጣ። ሰዉ ደግሞ ከካሴቱ ሁሉ መርጦ እሷኑ ቦታ ወደዳት።

እሱ አልወደዳትም። ኩራተኛ ነው። መድረክ ላይ በወጣ ቁጥር "ትክክለኛው ይሄ ነው" እያለ እስከ ስምንት ቆጥሮ ሲገባ ኖረ። ቤት ሲመጣ "ያን ቀን በዚያ ፊትሽ ባትመጪብኝ ኖሮ" ይላታል። እሷም "ቁልፉን ትተህልኝ ብትሄድ ኖሮ" ትለዋለች። ልጆቻቸው ይህንኑ ጭቅጭቅ እየሰሙ አደጉ፣ ተዳሩ፣ ወጡ።

ዘንድሮ ካሴቱ ሠላሳ ዓመት ሞላውና ባንዱ ከተማ ለከተማ እየዞረ ሊያከብረው ተነሣ። ማስታወቂያው ላይ "ልክ እንደ ካሴቱ" ብለው ጻፉ። ልክ እንደ ካሴቱ ማለት ከነስህተቱ ማለት ነው። ከበሮ መቺውም መሳሳት ምን ይከብዳል ብሎ እሺ አለ። ትናንት ሜዳ ሙሉ ሰው እጁን አንሥቶ በስህተቱ ቦታ ሲያጨበጭብ የእሱ እጅ አየር ላይ ቀረ። እስከ ስምንት ቆጠረ። የለመደ እጅ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ ጭጭ ተባለ፤ ቀጥሎ ተሳቀ።

"ወንድሜ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?" አለ አሁን። ዘፋኙ ታናሽ ወንድሙ ነው። "'እሷን አንድ ዘፈን ሌላ ሰው ይምታልህ' አለኝ። ዛሬም ከሳትኳት ከነገ ጀምሮ አንድ ለጋ ጎረምሳ ቦታዬ ላይ ያስቀምጣሉ።"

"ታዲያ አንድ ዘፈን አይደል? ትንሽ ታርፋለህ።"

"እኔ በቁሜ? ያን ጊዜ ዱላዎቼን ሰብስቤ ቤቴ እገባለሁ። ለሁልጊዜው።"

ይህ አስደነገጣት። ቤቴ የሚለው እሷ የምትሰፋበትን ቤት ነው። ከበሮ ያጣ ባል ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተጎልቶ "ክሩ ተበጠሰ፣ ዘይት አንሶታል" እያለ ሲነዘንዛት ታያት። ደግሞ ፊት ለፊት አትነግረውም እንጂ፣ ከበሮ ሲመታ ውሎ የገባ ቀን ፊቱ የልጅ ፊት ነው።

"ፊቴን አላከራይም" አለች። ከዚያ መቀሷን አነሣች። "ሱሪውን አውልቅና ወዲያ በል። ከሰዓት አይደል የምትሞክሩት?"

ከሰዓት የከተማቸው ሜዳ ባዶውን ነበር። ሠራተኞች ስፒከር ይደረድራሉ፣ ገመድ ይዘረጋሉ። ዘፋኙ ሲያያት እጁን ዘርግቶ መጣ።

"እትዬ! አንቺም ባንድ ገባሽ?"

"አንተ ፀጉርህን ጥላሸት ቀብተህ ወጣት ከሆንክ እኔ ምን ያንሰኛል?"

ከመድረኩ ጎን አቆሟት። ፊቷን ቋጠረች። ዘፈኑ መሃል ደረሰ፤ ጸጥ አለ። ባሏ አያት፤ በስምንት ገባ። ደገሙት። አሁንም በስምንት ገባ።

"ተቆጪ እንጂ!" ብሎ ጮኸባት።

"ተቆጥቻለሁ!"

"ይሄ ጎረቤት የምትቆጪው ቁጣ ነው! ያን ቀን እኮ…"

"ያን ቀን ልብሴ በስብሶ ነበር! አሁን ደርቄ ቆሜ በምን ልናደድልህ?"

ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ የሚሉት ባለ ቤዝ ጊታሩ በሳቅ ተንበረከከ። ዘፋኙ ግን አልሳቀም። ታላቅ ወንድሙን ቀና ብሎ አየውና ዓይኑን ወደ ገመዱ መለሰ። የሚወደውን ሰው ሊያሰናብት የቆረጠ ሰው አስተያየት ነው። እሷ ይህን አስተያየት አልወደደችውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰዉ ሞላ። የሚጨፍሩ ልጆች ይመጣሉ ብላ ስትጠብቅ፣ የመጡት ሽበታሞችና መነጽራሞች ሆኑ፤ ልጆቻቸውን አስከትለው። እሷ በዕድሜዋ አንድም ኮንሰርት አይታ አታውቅም። ወይ የሙሽራ ልብስ አጣድፏት ነው፣ ወይ ልጅ ታሞባት። ጩኸትም አትወድም።

አራተኛው ዘፈን ተጀመረ። ከቆመችበት የሚታያት የባሏ ጆሮና ትከሻ ብቻ መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን አንገቱን ጠምዝዞ እሷን ብቻ ያያል። ወንድሙን አይሰማም፣ ሽቦን አይሰማም። መሰላሉ እንደተንቀሳቀሰበት ሰው ዓይኑ ፈጦ እሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገ ሌላ ከተማ አለ፤ ከዚያም ሌላ። ይሄ ሰው አንገቱ እንደተጠመዘዘ ሊቀር ነው እንዴ? ደግሞስ ራሱ ጠርቶ ያስቆማትን ሴት ምን ብሎ ይደነግጣል!

"በቃኝ" አለች። ቦርሳዋን አንሥታ በጎን ደረጃ ወርዳ ሰው መሃል ገባች።

አጠገቧ ያለች ባለ መነጽር ሴት ሁለት እጇን ሰቅላ ቆማለች።

"እጅሽን አንሺ እንጂ እህቴ፣ ደረሰች!"

"ማን?"

"ዱብ የምትለው ቦታ!"

ጊታሩ ዝም አለ። ዘፋኙ መስመሯን ጀመረ። ባሏ ወደ ጎን ዞሮ አየ። ማንም የለም። አፉን ከፈተ፤ ግራ ቀኙን ፈለገ። ሚስቱ ወደቀች ይበል፣ ታመመች ይበል፣ ጥላው ሄደች ይበል እንጃ፤ እጁ ሳያስፈቅደው ወረደ። ሜዳው በሙሉ አብሮት ወረደ። መሬቱ ከጫማዋ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ዘፋኙ የመስመሯን ጭራ ዋጠ፤ እየሳቀ፣ እየሮጠ ደረሰበት። አንድ ጊዜ ወደ ወንድሙ ዞሮ ማይክራፎኑን ከፍ አደረገለት።

ባለ መነጽሯ ዓይኗን ጠረገች። "ሁልጊዜ ይገርመኛል" አለች፤ "ያኔ ምን ሆኖ ነው ግን እንደዚህ ቀድሞ የመታው?"

"ሚስቱን አይቶ ነው።"

"ውይ! ቆንጆ ነበረች እንዴ?"

ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን ዳበስ አደረገች።

"ነበረች" አለች። "አሁንም ክፉ አይደለች።"

ዘፈኑ ሲያልቅ ጭብጨባው አልበርድ አለ። ባሏ ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሰዉን ያያል፤ ይፈልጋል። ጎንና ጎኑ ጨርቅ የገባበት ሱሪ ከሩቅ ምንም አይታወቅበትም። አንድ የመድረክ ሠራተኛ ሰዉን እየገፋ ወደ እሷ መጣ።

"እትዬ፣ እዚህ ነዎት? ከበሮ መቺው ተረበሸ። ወደ ቦታዎ ይመለሱ። ወንበርም አምጥተንልዎታል።"

ወደ መድረኩ ጎን አየች። ወንበሩ ምቹ ይመስላል፤ እግሯም ደክሟል። እዚያ ሆና ግን የምታየው ጆሮና ትከሻ ነው። ከፊት ለፊቱ ሲመታ ያየችው ገና ዛሬ ነው፤ እሱንም ለአንዲት ጊዜ።

"አልመለስም በለው።"

"የት ናት ቢለኝስ?"

"ደህና ናት በለው። እዚሁ መሃላችሁ ናት በልና ዝም በል።"

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ባሏ የተባለውን ሰምቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ዱላዎቹን አነሣ። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ፣ ከፊቷ የተገተረውን ሰው ጀርባ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

"አንተ ረጅሙ! እስቲ ዘንበል በልልኝ፤ ባሌ አልታየኝም።"